የሰኞ ማዕድተኞች

ትራሙ ቆሞ ሳያበቃ ኤይጁን ታማሺሮ ዘሎ ወረደ። በግራ ብብቱ ሥር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ዓሣ ሸጉጧል፤ በቀኝ እጁ ባርኔጣውን ጫን አድርጎ እንደያዘ በቻይናውያኑ ሰፈር፣ በካፖን መንገድ ቁልቁል ገሰገሰ። ከበስተኋላው አንድ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ወረደ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ። በእኩለ ቀን ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ በዚያ መንገድ ላይ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም ዞር ብሎ አላየም። ዓሣው ገና ትኩስ ነበር፤ ዓሣ ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1940 ዓመተ ምሕረት፣ የግንቦት ወር ሁለተኛው ሰኞ ነው። የፔሩ ዋና ከተማ የሊማ ፀጉር አስተካካዮች ሰኞ ሰኞ ወንበራቸውን በጨርቅ ሸፍነው ያርፋሉ። ኤይጁን ከጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት በመርከብ መጥቶ በዚህች ከተማ የሰው ጢም ሲላጭ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሰኞን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከመብላት በቀር ለሌላ ጉዳይ አውሎት አያውቅም። አንዱ ባልታሳር ነው፤ ከካኜቴ የጥጥ እርሻ የመጣ ጥቁር ፔሩዊ፣ እንደሱው ፀጉር አስተካካይ፣ የኤይጁንን ሴት ልጅ ሮሳን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ። ሌላው ከቻይናዋ ካንቶን የመጣው ሎክ ዪን ነው፤ ሰኞ ሰኞ የሚበሉበት የካፖኑ ምግብ ቤት ባለቤት።

ኤይጁን እንደ ልማዱ ወደ ምግብ ቤቱ በጓሮ በር ገባ። በፊት ለፊቱ በር መግባት ካቆመ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። የጃፓን ጦር ቻይናን ከወረረ ጀምሮ የካፖን ቻይናውያን ለጃፓን ላይሸጡ፣ ከጃፓን ላይገዙ፣ ከጃፓን ጋርም በአንድ ገበታ ላይቀመጡ ተማምለዋል። የሎክ ታናሽ ወንድም ካንቶን ላይ ከአውሮፕላን በወረደ ቦምብ ሞቷል። ሎክ ይህን ለኤይጁን የነገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነግሮትም ሲያበቃ ሳህኑን ተቀብሎ ሾርባ ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ ወሬው በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም።

ጓዳው በእንፋሎት ታፍኗል። ባልታሳር ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተሰይሟል።

«ዘገየህ» አለው። «ዳክዬዋ እኮ አንተን ስትጠብቅ በርራ ልትሄድ ነበር።»

«የተጠበሰች ዳክዬ ትበራለች?»

«የኔን ረሃብ ካየች ምን ታደርግ?»

ሎክ ጆንያውን ፈታ፤ የዓሣውን ስንጥብ በአውራ ጣቱ ገልጦ አሸተተ። «ዓይኑ ገና ያያል» አለ ረክቶ። ያ ከሎክ አፍ ሲወጣ ትልቅ ምስጋና ነው። ኤይጁን ቢላውን ተቀብሎ ዓሣውን እንደ ወረቀት በስሱ ቆረጠው፤ ሎሚ ጨመቀበት፤ ቢጫውን ቃሪያ በተነበት፤ ከሎክ ማሰሮ ጥቁሩን የአኩሪ አተር ማጣፈጫ ጠብ ጠብ አደረገና ወዲያው አቀረበ።

«ጥሬ ነው» አለ ባልታሳር፣ በየሰኞው እንደሚለው። «ሎሚው እስኪያበስለው ለምን አትታገስም?»

«ሎሚ አያበስልም። ዓሣውን ያስደነግጠዋል እንጂ።»

«አበልጄ፣ የእናቴ አገር ሰው ዓሣን ሎሚ ውስጥ አስተኝቶ ያሳድረዋል። አንተ አልጋውን አሳይተህ ታባርረዋለህ።»

ሎክ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ዳክዬዋን አወጣ፤ ቆዳዋ የማር መልክ ይዟል፣ በትልቁ ቢላ ሲመታት ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ተንኮሻኮሸች። ባልታሳር መብያ እንጨቶቹን እንደ መቀስ በሁለት ጣት ይዞ አንዱን ቁራጭ ሲያሳድድ ቁራጩ ተስፈንጥሮ ኤይጁን ሳህን ውስጥ ወደቀ።

«ሹካ ስጠኝ፣ ሎክ።»

«ሹካ ለደንበኛ ነው» አለ ሎክ። «ለጓደኛ የለም።»

ኤይጁን የወደቀለትን ቁራጭ አነሳና በላ። የቆዳውን ስብ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለውን ቅመም ጣፋጭ ሽታ፣ ከዚያም በጉሮሮው የወረደውን የዝንጅብል ሙቀት ለረጅም ጊዜ ያስታውሳቸዋል። ከእናቱ ቤት ምግብ ጋር አይመሳሰልም፤ ግን ባሕር ከተሻገረ በኋላ እንደ ሰው ተቀምጦ የበላው እዚህ ገበታ ላይ ነው።

በአዳራሹ በኩል ያለው መጋረጃ ተገለጠና ፉንግ ገባ። ፉንግ ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለኤይጁን አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። አሁንም ፊቱን ወደ ሎክ አዙሮ ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ኤይጁን እንዲሰማ በስፓኝ ቋንቋ ተናገረ።

«የጃፓኖቹን ሱቅ እየሰበሩ ነው። መጀመሪያ ተማሪዎች ነበሩ ይላሉ። አሁን ሁሉም ሰው ነው።»

«የት?» አለ ኤይጁን።

ፉንግ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። «የት የሚባል የለም። በየቦታው ነው።»

ለሳምንታት ሲወራ የከረመ ነገር ነበር። ጃፓኖች በየሱቃቸው ምድር ቤት ጠመንጃ ደብቀዋል፣ ከተማዋን ሊይዙ ነው ይባላል። የኤይጁን ደንበኞችም ሰፈሩ ባወጣለት ስም እየጠሩት «ዶን ሁሊዮ፣ መትረየሱን ከወንበሩ ሥር ነው የደበቅከው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም የሳሙናውን አረፋ እየመታ አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ተነሳ። ሱቁ በባሪዮስ አልቶስ ሰፈር ጫፍ፣ ከዚህ አሥራ አራት ማዕዘን ርቆ ነው። ከሱቁ በስተኋላ ባለችው አንድ ክፍል ሚስቱ ካማዶና የአምስት ዓመቷ ሮሳ አሉ።

«ቁጭ በል» አለው ባልታሳር። «እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ። የኔን ፊት ማንም አይነካውም።»

«ሚስቴ ናት።»

«የክርስትና ልጄስ? ሁለት መንገድ ሳትሻገር ይገድሉሃል፣ አበልጄ።»

ሎክ ጥቁር ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ በኤይጁን ትከሻ ላይ ጣለ። በደረቱ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራች የቻይና ባንዲራ ተሰክታለች፤ ጦርነቱ ከተነሳ ጀምሮ ሎክ ሳይሰካት ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ኤይጁን አይቷት እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፣ ሊያወልቀው።

«ይህን መልበስ አልችልም፣ ሎክ። ይህን አልችልም።»

«ልጅህ አምስት ዓመቷ ነው» አለ ሎክ። የራሱን ባርኔጣ አነሳ። «ቻይና ብቻውን ሲሄድ ይጠረጠራል። ሁለት ስንሆን ያምኑናል።»

ሦስቱም በጓሮ በር ወጡ።

በመጀመሪያው ማዕዘን ጭር ብሎ ነበር። በሁለተኛው ጩኸቱ ደረሳቸው። በሦስተኛው መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ከአንድ ሰገነት ላይ የልብስ ስፌት መኪና ተወርውራ ድንጋዩ ላይ ተበተነች። ሴቶች ጣቃ ጨርቅ በጫንቃቸው ተሸክመው ይሮጣሉ፤ አንድ ሰው ሦስት ባርኔጣ ደራርቦ፣ አራተኛውን በእጁ ይዞ፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ፈንጠር ፈንጠር ይላል። የተደፋው ሩዝ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ከግድግዳ ተደግፈው ሲጋራ ያጨሳሉ።

የሽማግሌውን የኦሺሮን የዕቃ ሱቅ በር ሲያልፉ ዘራፊዎች ሰውየውን በእግሩ ይዘው በደረጃው ሲያወርዱት አዩ። ጭንቅላቱ በየእርከኑ ይመታ ነበር፤ አምስት እርከን ነው። ኦሺሮ ኤይጁን ወደ ሊማ በመጣባት መርከብ ላይ አብሮት የነበረ ሰው ነው። ኤይጁን ቆመ።

«ሂድ» አለ ባልታሳር ከኋላው፣ በጣቱ ጀርባውን እየገፋ። «አትይ። ሂድ።»

ኤይጁን ሄደ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ።

ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ብረት ይዘው መንገዱን የዘጉት ከዚያ ሁለት ማዕዘን አልፎ ነው። አለቃቸው ደረቱ የተከፈተ፣ ጉንጩ ላይ ደም የደረቀበት ሰው ነበር።

«ቻይና ወይስ ጃፓን?»

«ቻይና» አለ ሎክ። «ምግብ ቤቴ ካፖን ነው። ምናልባት በልተህበታል።»

«እሱስ?»

ሎክ ወደ ኤይጁን ዞረ። ኤይጁን የሎክን አተነፋፈስ ይሰማ ነበር።

«ወንድሜ ነው።»

«ወንድምህ ከሆነ በቋንቋችሁ ይናገር እስቲ።»

ኤይጁን ከካንቶን ቋንቋ የሚያውቀው ከሎክ ጓዳ የለቀመውን ብቻ ነው። አፉን ከፈተና «የተጠበሰች ዳክዬ» አለ። ሎክ እንደተቆጣ ታላቅ ወንድም ፈጠን ብሎ መለሰለት። ኤይጁን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዝንጅብል፣ የአሳማ ጎድን፣ ሩዝ በእንቁላል፣ ሾርባ ከነፓስታው» አለ። ሎክ እጁን እያወራጨ ጮኸበት። ሁለቱ በመንገድ ላይ ሲጣሉ የቆዩ ወንድማማቾች መሰሉ፤ ከብረት ያዦቹ አንዱ ሳቀ።

«እለፉ» አለ አለቃው።

አምስት እርምጃ ያህል ሄዱ።

«ኧረ፣ ዶን ሁሊዮ» አለ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ። «በሰላም ነው?»

በትራም ላይ ትኬት የሚቆርጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤይጁን ጋ የሚላጭ ሰው ነበር። ክፋት አልነበረበትም። የለመደውን ሰው በለመደው ስሙ ጠራው፤ ጠርቶትም ሲያበቃ ምን እንዳደረገ ገባውና አፉን በመዳፉ ያዘ። ግን አለቃው ሰምቷል።

«ሁሊዮ የሚባል ቻይና? ምንድነው ሥራው?»

የትኬት ቆራጩ እጅ ከአፉ ወርዶ፣ ሳያስበው የተላጨ አገጩን ዳሰሰ። ሌላ መልስ አላስፈለገም፤ በዚያ ሰፈር ምላጭ የያዘ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ሁሉ ጃፓን ነው ይባል ነበር።

ብረቱ መጀመሪያ ያረፈው ሎክ ላይ ነው። «ውሸታም» አለና አለቃው ከጆሮው ሥር መታው፤ የመንጋጋው አጥንት ሲሰበር ኤይጁን በጆሮው ሰማ። ሎክ ሳይጮህ በጉልበቱ ወረደ። ሁለተኛው ብረት የኤይጁንን ትከሻ አገኘው። ከዚያ ባልታሳር ቀበቶውን መዝዞ መሀላቸው ገባ፤ የናሱ መቆለፊያ የአንዱን ሰው ቅንድብ ገመሰ፣ የሌላውን ጥርስ አረገፈ።

«ሩጥ» አለ ባልታሳር። «ሮሳን።»

ኤይጁን ሮጠ። በደም የተነከረውን ሎክን መሬት ላይ፣ አበልጁን በሰባት ሰው መሀል ጥሎ ሮጠ። ኮቱ ተቀደደ፣ ባርኔጣው ቀረ። አንድ ሰው በድንጋይ ወገቡን አለው፤ ሌላው እግሩን ጠልፎ ጣለው፤ በአፍንጫው ተደፍቶ ተነሳና ሮጠ።

ሱቁ በር አልነበረውም። ሁለቱ ትልልቅ ወንበሮች ከነሚስማራቸው ተነቅለዋል፤ ከሦስቱ መስታወቶች ሁለቱ ወለሉ ላይ ተሰባብረዋል፣ ሦስተኛው የለም፤ የፈሰሰው የሳሙና አረፋ ከስባሪው ጋር ተቦክቶ ከእግር በታች ይንሸራተታል። ዘራፊዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ተሻግረዋል።

«ካማዶ» አለ። መልስ የለም። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ክፍላቸው ገባ። ፍራሹ የለም፤ ሳጥኑ ተገልብጧል፤ ወለሉ ላይ ወደ ጓሮ በር የተጎተተ የደም መስመር አለ። ከዘራፊዎቹ የአንዱ ደም ነበር፤ መስታወት የቆረጠው ሰው። ኤይጁን ግን ይህን ያወቀው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየው ደሙንና ባዶውን ክፍል ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ ከስባሪው መካከል አንድ ምላጭ አነሳ።

ጎረቤቶች ወደሚጋሩት ግቢ የሚያስወጣው በር ተከፈተ። አንድ ሰው ፈጥኖ ገብቶ፣ ከወደቀው ሳጥን ላይ የሮሳን ብርድ ልብስ ጎትቶ በትከሻው ላይ ጣለ። ካማዶ ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ክረምት ሙሉ ተቀምጣ የሰፋችው ብርድ ልብስ ነው። ኤይጁን ብርድ ልብሱን አየ እንጂ ሰውየውን አላየም። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ቆዳ ሳያደማ የኖረው እጁ ተነሳ። የመጀመሪያው ምት ጨርቁን ቀደደ። ሰውየው ፊቱን ለመከላከል እጁን ሲያነሳ ሁለተኛው ምት አንጓውን በላው።

«ዶን ሁሊዮ» አለ ሰውየው፤ ከመገረም በቀር በድምፁ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም። «እኔ ነኝ እኮ።»

አናክሌቶ ነበር። ከግቢው ጥግ፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ የሚኖረው ጫማ ሰፊ።

«እኛ ጋ ናቸው» አለ አናክሌቶ፣ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች እየተንሸራተተ። «በኤውሴቢያ አልጋ ሥር ናቸው። ልጅቷን በረዳት... ልብሷን ልወስድላት...»

ኤይጁን ምላጩን ጣለ። የምላጭ መሳያውን ቆዳ ከግድግዳው ነቅሎ የአናክሌቶን ክንድ ከክርኑ በታች ጥብቅ አድርጎ አሰረው፤ ቁስሉን በፎጣ ጠቀለለ፤ ፎጣው ወዲያው ቀላ። በበሩ ላይ ኤውሴቢያ፣ የአናክሌቶ ሚስት፣ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ካማዶ ሮሳን ታቅፋለች። ኤውሴቢያ መጀመሪያ የባሏን እጅ፣ ቀጥሎ ምላጩን፣ መጨረሻ ኤይጁንን አየች። ማንም ምንም ሳይነግራት ሁሉን ተረዳች።

ሐኪሙ የአናክሌቶን ቁስል ሰፋ፤ ጅማቱን ግን መቀጠል አልቻለም። አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶች ዳግመኛ አይታጠፉም አለ። በቀኝ እጁ ወስፌ ይዞ የኖረ ሰው ነው አናክሌቶ። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ መጥቶ ማን እንደቆረጠው ጠየቀው።

«ሰው ብዙ ነበር» አለ አናክሌቶ። «ፊቱን አላየሁትም።»

ፖሊሱ ሲወጣ ኤይጁን አልጋው አጠገብ ነበር።

«እነግራቸዋለሁ» አለ። «አሁን ተከትየው ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ነግረህ ማን ሊጠቀም ነው?» አለ አናክሌቶ ደክሞት። «አንተ ትታሰራለህ። ካማዶንና ልጅቷን እኔ ላብላቸው? በየትኛው እጄ?»

ሎክ ከነነፍሱ ተገኘ፤ ከወደቀበት አንስቶ በጀርባው አዝሎ ወደ ካፖን የወሰደው ሽማግሌው ፉንግ ነው። መንጋጋው በሽቦ ታሰረ፤ ግራ ጆሮው ደነቆረ። የአገሩ ሰዎች ለምን እንደተመታ ሲያውቁ ሰላምታ ነሱት። ባልታሳር ሦስት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቆሞ መሄድ ጀመረ። ኤይጁን ደግሞ ሱቁን አልጠገነም። በየማለዳው ከአናክሌቶ ጎን ዱካ ላይ ይቀመጥና፣ አናክሌቶ በግራ እጁ እያሳየው፣ ወስፌውን እሱ ይወጋል፣ ክሩን እሱ ይስባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንድ ጫማዎች ተበላሹ። ሦስተኛውን ደንበኛው ወሰደው። ኤውሴቢያ ያን ሁሉ ቀን በአጠገባቸው ስታልፍ ኤይጁንን እንደሌለ ሰው ነበር የምትቆጥረው።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከእኩለ ቀን በፊት መሬት ተንቀጠቀጠች። ሊማ መናወጥን የለመደች ከተማ ናት፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። የጭቃና የሸምበቆ ግድግዳ ሁሉ እንደ ቂጣ ተቆረሰ። የግቢው ሰው ልጆቹን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ፤ አቧራው ሲረግብ ብዙዎች ተንበርክከው በጃፓኖቹ ላይ በተሠራው ግፍ የመጣ የእግዜር ቁጣ ነው አሉ። ከማዕዘኑ ቤት አንዲት ሴት ከሱቁ የተዘረፈውን ሦስተኛውን መስታወት፣ ተሰንጥቆ፣ ተሸክማ መጣችና ከኤይጁን ደጅ አስደግፋው፣ ቀና ሳትል ተመለሰች።

ማንም ወደ ቤቱ ለመግባት አልደፈረም። ኤውሴቢያ ትልቁን ድስት አውጥታ መንገዱ መሀል ሦስት ድንጋይ ጎለተች። የደረቀ ድንች ነበራት፤ አንዱ ጎረቤት የአሳማ ሥጋ፣ ሌላው ኦቾሎኒና ቀይ በርበሬ አመጣ። ካማዶ ጎንበስ ብላ እሳቱን አነደደች፤ ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም፣ ግን ማማሰያውን ይቀባበሉ ነበር። ባልታሳር ደረቱን በጨርቅ ጠፍሮ መጣ። ከእሱ ኋላ ሎክ፣ አገጩ በነጭ ሻሽ ታስሮ፣ ማኘክ ስለማይችል የራሱን ጽዋ ይዞ ደረሰ።

«መረቁን ብቻ» አለ በጥርሱ መካከል።

«ምርጡን ልትወስድ ነዋ» አለ ባልታሳር።

በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ኤይጁን ከአናክሌቶ ቀጥሎ። አናክሌቶ ሹካውን በግራ እጁ ይዞ ትልቁን ሥጋ ሊቆርስ ይታገላል፤ ሳህኑ ከጭኑ ላይ ይንሸራተታል። ኤይጁን ጥቂት አየውና፣ ከድስቱ ክዳን ላይ ቢላውን አንስቶ ሊቆርጥለት እጁን ዘረጋ።

ኤውሴቢያ የእጁን አንጓ ያዘችው። ጠንካራ እጅ ነበራት።

«ቢላውን አስቀምጥ።»

አስቀመጠ። እሷ አንስታ የባሏን ሥጋ ትናንሽ አድርጋ ቆረጠች፤ ሹካውን በግራ እጁ አስያዘችው። ከዚያ ሌላ ሳህን ወሰደች፤ ከድስቱ ሞልታ ጨለፈችና ኤይጁን ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«ብላ» አለችው፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን እያየች። «እኔ ደጅ ላይ ጦሙን የሚያድር ሰው የለም። ቢላ ግን፣ እኔ ባለሁበት፣ ዳግመኛ እንዳትይዝ።»

«እሺ፣ ዶኛ ኤውሴቢያ።»

ባልታሳር ሹካ ሊያቀብለው ሲል ኤይጁን ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ሥጋውን በጣቶቹ ቆራርሶ በላ።